ደብረ ብርሃን ላይ ለጨዋታ የሚሆን ፕሮሰሰር፦ የትኛውን ልግዛ? ኦቨርክሎክ ላድርግ?

በረሳ ማዶ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ቀን የሕንፃ ንድፍ እሠራለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ እጫወታለሁ። ሁለት ዓመት ቆጥቤ ኮምፒውተሬን ላድስ ተነሥቻለሁ። ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ አለኝ፤ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ነው። ስክሪኑ ባለ 60 ኸርዝ ነው። የቀረኝ ፕሮሰሰር (ስሌቱን የሚሠራው ቺፕ)፣ ማዘርቦርድ (ሁሉም የሚሰካበት ሰሌዳ) እና ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ነው።

ሦስት አማራጮች ቀርበውልኛል። አንደኛው ያገለገለ ኮር አይ7 4790ኬ ከዜድ97 ማዘርቦርድ ጋር ነው፤ ሻጩ በ4.7 ጊጋኸርዝ ሲሠራ በዓይኔ አሳይቶኛል። ሁለተኛው ኮር አይ5 12400ኤፍ ከኤች610 ጋር፣ ሦስተኛው ራይዘን 5 5600 ከቢ450 ጋር ነው። የኋለኞቹ ሁለቱ ዋጋቸው ይቀራረባል፤ የመጀመሪያው በግማሽ ይረክሳል።

ልቤ ያደላው ወደ ርካሹ ነው። ምክንያቱም ፍጥነቱን በገዛ እጄ ፋብሪካው ከወሰነው በላይ መጨመር፣ ማለትም ኦቨርክሎክ ማድረግ እፈልጋለሁ። የከተማችንን ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ክፍሌ ውስጥ እጅ ይደነዝዛል። ይህ ብርድ እንደ ማቀዝቀዣ አያገለግለኝም? ሐሳባችሁን ስጡኝ።

ጣርማበር (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05)

ወንድሜ፣ 4790ኬን ተወው። በዘመኑ ግሩም ፕሮሰሰር ነበር፤ አልክድም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ነው። 4 ኮር (የስሌት ክፍል) እና 8 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያስኬደው የሥራ መስመር) ብቻ አለው፣ የሚቀበለው የድሮውን ዲዲአር3 ራም ነው፣ ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይደግፍም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዛሬ በግማሽ ዋጋ ገዝተህ ነገ ማዘርቦርዱም ራሙም አብረው ይወድቁብሃል።

ኦቨርክሎክ ማድረግ ከፈለግህ ደግሞ 12400ኤፍም አይሆንህም። የኢንቴል ፕሮሰሰር ማባዣው (ፍጥነቱን የሚወስነው ቁጥር) ክፍት የሚሆነው በስሙ መጨረሻ ላይ «ኬ» ሲኖረው ነው፤ ያም ሆኖ ዜድ የሚል ማዘርቦርድ ይፈልጋል። ኤች610 ይህን አይፈቅድም። ራይዘን 5 5600 ግን ክፍት ነው፤ ቢ450ም ይፈቅዳል። ኤ320 ወይም ኤ520 የሚባል ማዘርቦርድ በርካሽ ቢያቀርቡልህ እንዳትቀበል፤ እነርሱ ፕሮሰሰሩን ኦቨርክሎክ ማድረግ አይፈቅዱም።

አንድ ነገር ልጨምር። «ኤፍ» ያለበት ኢንቴልም ሆነ ራይዘን 5600 በውስጣቸው ግራፊክስ የላቸውም። ካርድህ ከተበላሸ ስክሪንህ ጨለማ ይሆናል፤ ሌላ እስክታገኝ አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ለሥራም የምትጠቀምበት ከሆነ ከጓደኛህ የምትዋሰው አሮጌ ካርድ መኖሩን ከወዲሁ አረጋግጥ። 5600ጂ የሚባለው ግራፊክስ አለው፤ ነገር ግን የኤል3 ካሹ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ማህደረ ትውስታ) 16 ሜጋባይት ነው፣ የ5600 ግን 32 ነው። ለጨዋታ ልዩነቱ ይታያል።

ሮቢት ጥገና (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡30)

በጣርማበር ሐሳብ እስማማለሁ፤ ስለ ብርዱ ግን እኔ ልናገር። ሸዋ ሮቢት ኮምፒውተር እጠግናለሁ። እዚህ ከፍታችን 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ሙቀታችንን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ደብረ ብርሃን በጥር ብርድ ያስተካከለውን ኮምፒውተር ይዞልኝ መጣ። እዚያ 14 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ሲጫወት ፕሮሰሰሩ ከ68 አያልፍም ነበር። የእኔ ሱቅ በዚያን ቀን 33 ዲግሪ ነበር፤ ፕሮሰሰሩ በ10 ደቂቃ ውስጥ 88 ደረሰና ፍጥነቱን ራሱ መቀነስ ጀመረ። ሒሳቡ ቀላል ነው። የክፍሉ ሙቀት 19 ዲግሪ ሲጨምር የፕሮሰሰሩም ያንኑ ያህል ገደማ ይጨምራል። ማቀዝቀዣ ከክፍሉ አየር በታች ማውረድ አይችልም። ስለዚህ በብርድ ወር ያገኘኸውን ውጤት የኮምፒውተሩ ችሎታ አድርገህ አትቁጠረው፤ በግንቦት ቀትር የሚጸናውን ነው መያዝ ያለብህ።

ያገለገለ ለምትገዙ ሁሉ ደግሞ፦ እ.ኤ.አ. በ2024 ኢንቴል የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ሊጎዱ እንደሚችሉ አምኖ የማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ የውስጥ መመሪያ) ማሻሻያ አውጥቷል። እነዚህን ከሰው እጅ ስትገዙ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) መታደሱን ጠይቁ። የተጎዳውን ማሻሻያው አያድነውም። ሙቀት ይታያል፣ ቮልቴጅ ግን ሳይታይ ነው የሚበላው።

ወፍ ዋሻ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡15)

ሰላም፣ እኔ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ብርዱን በሚመለከት ሮቢት ጥገና ያልጠቀሱት አንድ ነገር አለ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ሳሳ ማለት ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ሲዞር የሚያሳልፈው የአየር ክብደት ያንሳል፤ የሚያነሣው ሙቀትም ይቀንሳል። ስለዚህ ብርዱ የሰጠንን ከፍታው በከፊል መልሶ ይወስድብናል። በውጭ አገር ስለ አንድ ማቀዝቀዣ የተጻፈውን የሙቀት ቁጥር እንዳለ ለእኛ ከተማ መውሰድ አይቻልም።

ሁለተኛው የኃይል ጉዳይ ነው። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬው ነው የሚያድገው። ከ4.0 ወደ 4.4 ጊጋኸርዝ ለመውጣት ቮልቴጁን ከ1.20 ወደ 1.35 ከፍ አደረግህ እንበል። ፍጥነቱ 1.1 እጥፍ ሆነ፤ የቮልቴጁ ካሬ 1.27 እጥፍ ሆነ፤ ሲባዙ 1.39 ይሆናሉ። 10 በመቶ ፍጥነት ለማግኘት 39 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ከፈልህ ማለት ነው።

እና በረሳ ማዶ፣ ከመግዛትህ በፊት አሁን ባለህ ኮምፒውተር ላይ ይህን ሞክር። የምትወደውን ጨዋታ ክፈትና የምስሉን ጥራት ወደ 720 አውርደው። ፍሬሙ (በሰከንድ የሚወጣው የምስል ብዛት) ከጨመረ ያሰረህ ግራፊክስ ካርዱ ነው። ካልጨመረ ፕሮሰሰሩ ነው። ስክሪንህ ደግሞ በሰከንድ ከ60 በላይ ምስል አያሳይህም፤ ይህንን አስብበት።

መሃል ሜዳ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50)

የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ልጁ ግን ከኦቨርክሎክ እንዳይሸሽ ስለምፈልግ ነው የምጽፈው።

እኔ ኮምፒውተር የተማርሁት በኮር አይ5 2500ኬ ነው። 3.3 ጊጋኸርዝ ተብሎ የተሸጠ ነው፤ እኔ 4.4 ላይ ለዓመታት አሠርቼዋለሁ። የመንዝን ሌሊት ታውቁታላችሁ። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ባዮሱን ከፍቼ፣ ማባዣውን በአንድ ቁጥር ከፍ አድርጌ፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ ጽፌ፣ አንድ ሰዓት ፈትኜ፣ እንደገና ከፍ አድርጌ። ራም ምን እንደሆነ፣ ቮልቴጅ ምን እንደሚሠራ፣ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) ለምን እንደሚከብድ የገባኝ በዚያ ደብተር ነው። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ጥቅሙ በፍሬም ብቻ አይለካም።

ነገር ግን በሥርዓት ይሁን። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። ፍጥነቱንም፣ ራሙንም፣ ቮልቴጁንም በአንድ ሌሊት ከቀየርህ ሲወድቅ የትኛው እንደጣለህ አታውቅም። ራምህን ባለ 16 አንድ ፍሬ ከመግዛት ባለ 8 ሁለት ግዛ፤ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ መተላለፊያው እጥፍ ይሆናል፤ ራይዘን ይህን ይወዳል። ከዚያ ባዮስ ውስጥ ገብተህ የራሙን የተጻፈ ፍጥነት አብራ። 3200 ተብሎ የተሸጠ ራም 2133 ላይ እየሠራ ዓመት የከረመበት ሰው አውቃለሁ።

በረሳ ማዶ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡40)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወፍ ዋሻ ያለችውን ሞከርሁ፤ ጥራቱን ባወርደውም ፍሬሙ ከ41 ንቅንቅ አላለም። ያሰረኝ አሮጌው ፕሮሰሰር ነው ማለት ነው። ራይዘን 5600 ልገዛ ቆርጫለሁ። ያገለገለ ስለሆነ ምን ልይ?

ሮቢት ጥገና (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00)

ገልብጠህ እግሮቹን እይ። የኤኤም4 ፕሮሰሰር (5600 የሚሰካበት የመሰኪያ ዓይነት ነው) 1,331 ቀጫጭን እግሮች ከሥሩ አሉት። በብርሃን አንጻር አዘንብለህ በረድፍ በረድፉ ተመልከት፤ ረድፉ ቀጥ ካለ ደህና ነው፤ አንዱ እንኳ ካጋደለ ዓይንህ ይይዘዋል። ቢ450 የቆየ ባዮስ ካለው 5600ን ስለማያውቀው ከመግዛትህ በፊት ሻጩ ያድስልህ። ራስህ የምታድስ ከሆነ በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ ሰክተህ አድስ፤ ባዮስ እየተጻፈ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ላይነሣ ይችላል።

በረሳ ማዶ (ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡20)

ተመልሼ መጣሁ፤ ልቤም አዝኗል።

ፕሮሰሰሩን ገዛሁ። ሁለት እግሮቹ አጋድለው ነበር፤ የእርሳስ ቀፎ ጫፍ አስገብቼ ትንፋሼን ይዤ አቀናኋቸው፤ ገባ፤ ሠራ። ባዮሱን በጓደኛዬ ዩፒኤስ አደስሁ። ለአንድ ሳምንት ምንም ሳልነካው ተጫወትሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ድንገት ጠፍቶ ተነሣ። ከዚያ መሃል ሜዳ እንዳሉት ደብተር ገዝቼ ጀመርሁ። በ4.5 ጊጋኸርዝና በ1.25 ቮልት ሦስት ሰዓት የማስጨነቂያ ፈተና አለፈ፤ ሙቀቱ 71 ነው። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

አሁን ግን እየተጫወትሁ ድርግም ይላል። ሰማያዊ ስክሪን የለም፣ መንተባተብ የለም፤ ጭልም ብሎ ራሱ ይነሣል። ወደ 4.4 አወረድሁት፤ ያው ነው። ቮልቴጁን ጨመርሁ፤ ያው ነው። እግሮቹን ሳቀና የሰበርሁት ነገር ይኖር ይሆን? ለሻጩ ልመልሰው እያሰብሁ ነው።

ወፍ ዋሻ (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡05)

አትመልሰው፣ ታገሥ። ኦቨርክሎክ አልጸና ሲል ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ስክሪን ያሳያል ወይም ይደርቃል፤ ወይም ጨዋታው ብቻውን ይዘጋል። ዊንዶውስ የክስተት መዝገብ አለው፤ ክፈተውና እይ። ፕሮሰሰሩ ራሱ የተሳሳተ ከሆነ «ዊያ ሎገር» በሚል ስም 18 ወይም 19 ቁጥር ታገኛለህ። «ከርነል ፓወር 41» ብቻ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሳይዘጋ ኃይል ተቋርጦበታል ማለት ሊሆን ይችላል። ቀኑንና ሰዓቱንም እዚህ ጻፍልን።

በረሳ ማዶ (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡30)

ሁሉም 41 ነው። 18ም 19ም የለም። ሰዓቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡20፣ ዓርብ 1፡45፣ ማክሰኞ 1፡05፣ እንደገና በዚያው ማክሰኞ 1፡38፣ ዓርብ 2፡00፣ ትናንት ዓርብ 1፡30። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ሳልነካው የጠፋውም ማክሰኞ ነበር።

የቆጣሪ ሰው (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12፡50)

ልጄ፣ እኔ ስለ ጨዋታ አላውቅም። የቤት ኤሌክትሪክ መስመር ስዘረጋ ግን ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ማክሰኞና ዓርብ ማታ ቤታችሁ ውስጥ ምን ይደረጋል?

በረሳ ማዶ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡02)

ጋሼ፣ እናቴ እንጀራ ትጋግራለች። በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። የእኔ ክፍል ከማድ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ ነው የሚዋሰነው።

የቆጣሪ ሰው (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡35)

እንደገመትሁት ነው። ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ማለት ነው። ይህን ያህል በቀጭን ሽቦ ሲያልፍ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ለአንተ ሶኬት የሚደርሰው ትርፉ ነው። የኮምፒውተርህ ፓወር ሰፕላይ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብብልኝ። ከዚያ መለኪያ ያለው ባለሙያ ጠርተህ ምጣዱ ሲበራና ሲጠፋ ሶኬትህን አስለካ። አንተ ራስህ ሶኬት እንዳትፈታ፤ አደራ።

ሮቢት ጥገና (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡00)

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔም ብሆን ጥፋቱን በፕሮሰሰሩ ላይ እጥል ነበር። በረሳ ማዶ፣ ፓወር ሰፕላይህ «100–240» ቮልት ካልሆነና «200–240» ከሆነ ነገሩ ተፈታ። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ናቸው፤ ቮልቴጅ ሲወርድ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ፕሮሰሰሩን ሳትነካው በጭንቅ ያልፍ የነበረው ኦቨርክሎክ ስታደርገው ተጨማሪ ኃይል ስለጠየቀ ነው አዘውትሮ የወደቀው።

በረሳ ማዶ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡15)

«200–240» ነው የሚለው። ባለሙያው ዛሬ መጣ። ምጣዱ ሲጠፋ 212፤ እናቴ ምጣዱን ስታበራው 184። እያየሁት ወረደ።

ከዚያ ሰውዬው ቆጣሪው ላይ አጥፍቶ ግድግዳው ላይ ያለችውን የመገጣጠሚያ ሳጥን ከፈታት። የምጣዱና የእኔ ክፍል ሽቦ እዚያ ተገናኝተው ኖሯል። ክዳኑ ከውስጥ በኩል ቡናማ ሆኖ ተኮማትሯል፤ የሽቦው ልባስ ተሰነጣጥቆ ከመዳቡ ተላቋል፤ ብሎኑን በጣቱ ሲነካው ዞረ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ አለው። እናቴ ይህን ሽታ ለወራት የእርሾው ይመስላት እንደነበር ስትነግረኝ ቃል አጣሁ። ሳጥኗ ካለችበት ክንድ ያህል ርቀት ላይ የእናቴ የእህል ጆንያዎች ተደርድረዋል።

የቆጣሪ ሰው (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡40)

እግዚአብሔር ይመስገን። ከጠፋው 28 ቮልት ውስጥ 17ቱ እንኳ እዚያች ሳጥንና ቀጭኑ ሽቦ ላይ የቀረ ቢሆን፣ በ13 አምፔር ገደማ (ቮልቴጁ ሲወርድ አምፔሩም ይወርዳል) ስታበዛው 220 ዋት ያህል ነው። በግድግዳችሁ ውስጥ ትንሽ ምድጃ ሲነድ ነበር ማለት ነው። ለምጣዱ ከቆጣሪው ቀጥታ የሚመጣ፣ ቢያንስ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የራሱ ሽቦና የራሱ ብሬከር ይዘርጋለት። መገጣጠሚያ በመሐል አይኑር። ያ እስኪሆን ምጣዱ አይብራ፤ ለእናትህ እኔ ነኝ ያልሁት በልልኝ።

መሃል ሜዳ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡10)

ሰውነቴን ነው የወረረኝ። ነገ የእኛንም አስፈትሻለሁ።

በረሳ ማዶ (ከአሥር ቀን በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 9፡00)

ምጣዱ የራሱ መስመር ተዘረጋለት። አሁን እየተጋገረም ሶኬቴ ላይ 201 ይነበባል። ፓወር ሰፕላዩንም ባለ 550 ዋት፣ «100–240» በሚለው ቀየርሁት። ማክሰኞም ዓርብም ሆን ብዬ በመጋገሪያው ሰዓት ተጫወትሁ፤ አንድም ጊዜ አልጠፋም።

ስለ ኦቨርክሎኩ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። በ4.5 ጸንቷል። ነገር ግን አሁን ያሰረኝ ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ 98 በመቶ ላይ ይሠራል። ሳልነካው 74 ፍሬም የነበረው ጨዋታ በ4.5 ያገኘው 75 ነው፤ ስክሪኔ ደግሞ 60 ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ስለዚህ ቋሚውን ፍጥነት አነሣሁና በባዮስ ውስጥ ባለው «ከርቭ ኦፕቲማይዘር» ለሁሉም ኮር ቮልቴጁን በ15 ደረጃ ዝቅ አደረግሁ። ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ራሱ ይመርጣል፤ ሙቀቱ ከ71 ወደ 62 ወረደ፣ ፋኑም ጸጥ አለ። የንድፍ ሥዕሎቼን ወደ ምስል ስቀይር ግን ቋሚው 4.5 ትንሽ ይሻል ነበር፤ ሥራ ሲበዛብኝ እመልሰው ይሆናል። ሁለቱንም ባዮስ ውስጥ በየስማቸው አስቀምጫቸዋለሁ።

ለፋሲካ አጎቴ ጋ ሸዋ ሮቢት ኮምፒውተሬን ይዤ ልወርድ ነው። ሮቢት ጥገና፣ ምን ላድርግ?

ሮቢት ጥገና (እሑድ፣ ከቀኑ 10፡20)

ዝቅ ያደረግኸውን ቮልቴጅ አትንካው፤ ለእኛ ሙቀት ያ ነው የሚበጀው። ቋሚውን 4.5 ግን እዚህ አታብራ። በመንገዱ ማቀዝቀዣው እንዳይወዛወዝ ኮምፒውተሩን ማዘርቦርዱ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ እንዲተኛ በጎኑ አጋድመህ አስቀምጠው፤ ግራፊክስ ካርዱን አውጥተህ በጨርቅ ጠቅልለው፤ የጣርማበር ተራራ መንገድ መታጠፊያ ያላላው ብሎን አይቻለሁ። ስትደርስ ሱቄ ብቅ በል፤ አቧራውን አራግፌ ፔስቱን (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን) አድስልሃለሁ። የአጎትህ ምጣድ በየትኛው መስመር እንደሆነም አብረን እናየዋለን።